ብራና ላይ የተሳለ ሁሉ ጠልሰም ነው ወይ?

እ.ኤ.አ. በ2024 በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች፣ ሻርጃ ውስጥ፣ አንድ የአዲስ አበባ ሠዓሊ ለብቻው ሰፊ ኤግዚቢሽን አሳየ። ሠዓሊው ሄኖክ መልካምዘር ይባላል። ያዘጋጀው የሻርጃ አርት ፋውንዴሽን ነው። ሥራዎቹን መርጠው ያደራጁት ደግሞ የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁሯ ዶ/ር ኤልሳቤጥ ወልደጊዮርጊስ ናቸው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ጠልሰም፣ ማለትም ከክታብ ላይ የምናውቀው ሥዕል ነበር።

ጠልሰም የሚለው ቃል ሲነሳ ወሬው ቶሎ ይከፋፈላል። አንዱ «ይሄማ ድግምት ነው» ይላል። ሌላው «አብስትራክት የፈረንጅ ነገር ነው፣ እኛን ምን አገናኘን» ይላል። ሦስተኛው ቀለል ያለውን መንገድ ይመርጣል፤ «ብራና ላይ ከተሳለ ባህላዊ ነው» ብሎ ያልፋል። ሦስቱንም አንድ በአንድ ማየት ይቻላል። ይህ ጽሑፍ ግን ብዙውን ጊዜ ሦስተኛው ላይ ያሳልፋል። ጋለሪዎችም ጋዜጦችም አዘውትረው የሚሉት እሱን ነው፤ ቆም ብሎ የሚመረምረው ግን የለም።

መጀመሪያ ስሞቹን እንለይ

«አብስትራክት» በአማርኛ ብዙ ጊዜ ረቂቅ ሥዕል ይባላል። ሰው፣ ዛፍ፣ ቤት ብለን የምንጠራው ነገር የሌለበት፣ ቢኖርም መስመርና ቀለም የዋጠው ሥዕል ማለት ነው። ትርጉሙ ትንሽ ያሳስታል። «ረቂቅ» ስንል የማይጨበጥ፣ የመንፈስ ነገር ይመስለናል። ረቂቅ የሚሠራ ሠዓሊ ግን ከማንም በላይ ከሚጨበጥ ነገር ጋር ነው ሲታገል የሚውለው። ከቀለሙ ውፍረት፣ ከሸራው ሸካራነት፣ ከእንጨቱ ስንጥቅ ጋር።

ክታብ በአንገት የሚንጠለጠል ወይም ቤት የሚቀመጥ የጽሑፍ መከላከያ ነው። ረጅሙ ዓይነት በቀጭን የብራና ጥብጣብ ላይ ተጽፎ ይጠቀለላል። ጸሎት አለው፣ የአምላክ ስሞች (አስማት) አሉት፣ ሥዕል አለው። ያ ሥዕል ነው ጠልሰም የሚባለው። ቃሉ የእኛ ብቻ አይደለም። ዐረብኛም አለው፣ ሥሩ ደግሞ እስከ ግሪክ ይዘልቃል። ብዙ ጊዜ መሐሉ ላይ ፊት ያለበት ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ ነው። ዙሪያውን ዓይን፣ መረብ፣ የተቆላለፈ መስመር ይከበዋል።

ሐረግ የተለየ ነገር ነው። በብራና መጽሐፍ ገጽ ራስጌ ላይ የሚሳለው እየተጠላለፈ የሚሄድ ጌጥ ነው። በአንባቢው ላይ የሚሠራው ሥራ የለም፤ ምዕራፉ መጀመሩን ያሳያል፣ ገጹን ያስከብራል። ብዙ ሰው ሐረጉንም ጠልሰሙንም አንድ ላይ «የጥንት ዲዛይን» ብሎ ይጠራቸዋል። በኋላ እንደምናየው ግን ጭቅጭቁ ግማሽ በግማሽ ከዚህ መደበላለቅ ይመጣል።

ቆዳው ጠባይ አለው

ሸራ ለሠዓሊው ዝም ይለዋል። ብራና ዝም አይልም።

አሠራሩን እንይ። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ለቀናት ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ከዚያ በእንጨት ክፈፍ ላይ በገመድ ይወጠራል። የሥጋው ወገን በስለት ይፋቃል፣ ፀጉሩ ይላጫል፣ ፊቱ በድንጋይ ይታሻል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። ከዚያ ጸሐፊው በወስፌ ጥቃቅን ቀዳዳ ይወጋና ያለ ቀለም መስመር ያሰምርበታል። መስመሩ ቀለም የለውም፣ ጎድጎድ ያለ ፈለግ ብቻ ነው። ቀለሙም ቤት ይበጃል። ለጥቁሩ ጥላሸት፣ የተቆላ እህል፣ ቅጠልና ሙጫ ይገባበታል፤ ወራት ይቀመጣል። የሚጻፈው በመቃ ብዕር ነው።

ያለቀለትን ብራና ከጎን በሚመጣ ብርሃን ያዙት። ፀጉሩ የበቀለባቸው ነጥቦች በረድፍ ይታያሉ። የጀርባ አጥንቱ ያለፈበት ቦታ ጠቆር ብሎ ይወርዳል። የፀጉሩ ወገን ቢጫ ይላል፣ የሥጋው ወገን ይነጣል። የወስፌው ፈለግ እንደ ቀጭን ጥላ ይቀራል። እንግዲህ ሠዓሊው ገና ብሩሽ ሳያነሳ ብራናው ላይ ነጥብ፣ መስመርና ሁለት ዓይነት ቀለም አለ።

አየሩ ሲረጥብ ብራናው ይለቃል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በላዩ የተቆለለ ወፍራም ቀለም ከእሱ ጋር መተጣጠፍ ስለማይችል ይሰነጠቅና ይረግፋል። ስለዚህ ብራና ቀለም እንደ ጭቃ የሚለጥፍ ሠዓሊን አይወድም። ስስ ቀለም፣ የጠራ መስመር፣ ጠፍጣፋ መደብ ይፈልጋል። የድሮዎቹ የብራና ሥዕሎች ጥላና ጥልቀት ሳይኖራቸው በመስመር የታጠሩ መሆናቸው የእምነትና የሥርዓት ጉዳይ ነው ይባላል፤ እውነትም ነው። የቆዳው ድርሻ ግን ሲነገር አይሰማም።

ክታብ ላይ ሲደርስ ሌላ ደንብ ይጨመራል፤ ልክ። ጥቅልሉ የሚረዝመው በባለቤቱ ቁመት ነው። ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ጠጉሩ እንዲጠብቀው። አንድ ቆዳ ስለማይበቃ ሁለት ሦስት ጥብጣብ ተሰፍቶ ይቀጠላል። ስለዚህ ያ እንግዳ የሚመስለን ቀጭንና ረጅም ቅርጽ ሠዓሊ ለውበት ብሎ የመረጠው አይደለም። የአንድ ሰው ቁመት ነው።

ሦስት ሠዓሊ፣ የተለያየ ውርስ

እስክንድር ቦጎሲያን (እ.ኤ.አ. 1937–2003) አዲስ አበባ ተወለደ። ለንደንና ፓሪስ ተማረ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ተመልሶ አዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ በኋላ ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት መምህር ሆነ። ፓሪስ እያለ ሱሪያሊዝም ስቦታል። ሱሪያሊዝም ሕልምንና ከንቃት በታች ያለውን ሐሳብ ወደ ሥዕል የሚያመጣ የአውሮፓ እንቅስቃሴ ነው። እስክንድር ከዚያ ጋር የክታብን ዓይኖች፣ ጥቅልሎችና ምልክቶች አገናኘ። በፍየል ቆዳ ላይ ሥሏል። ኡጋንዳውያን ከዛፍ ልጥ ቀጥቅጠው እንደሚሠሩት ባለ ጨርቅ ላይም ሥሏል። እሱን የሳበው የቁሱ ገጽታና ድባቡ ነው። ክታብ የሚጽፈው የደብተራው ደንብ አላሰረውም፤ የማንንም ቁመት አልለካም። ቆዳው ለእሱ ትዝታ ያለው ገጽ ነበር።

ዘሪሁን የትምጌታ ሌላ ነገር ነው የወሰዱት፤ እዚህ ላይ ረዘም አድርጎ መቆየት ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 አዲስ አበባ የተወለዱት ዘሪሁን ከዚያው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመርቀው እዚያው ያስተማሩ ናቸው። በሰፊው የሚታወቁበት ሥራ ሸራ ላይ አይደለም። ቀጫጭን የቀርከሃ ስንጣቂዎችን ጎን ለጎን አቁመው በእነሱ ላይ ነው የሚሥሉት። አንዳንዴ ቆዳ ይጨመርበታል። ሥዕሉ ከላይ ወደ ታች በጠባብ መደቦች ይወርዳል። መስቀል፣ ዓይን፣ እባብ፣ ጭንብል፣ ከዚያ ዝም ብሎ ሦስት ማዕዘንና መስመር፣ ከዚያ እንደገና ዓይን። ጠጋ ሲሉ በስንጣቂዎቹ መካከል ክፍተት ይታያል። ምስሉ እዚያ ይቆረጥና በሚቀጥለው ስንጣቂ ላይ ትንሽ ዝንፍ ብሎ ይቀጥላል። ራቅ ሲሉ ደግሞ ክፍተቱ ይጠፋል፣ ሁሉም ድር ይመስላል።

ድር ይመስላል ያልነው በከንቱ አይደለም። የመደቦቹ አደራደር የሸማ ጥበብን ያስታውሳል። አማርኛ የቀሚሱን ጠርዝም የሠዓሊውን ሥራም በአንድ ቃል «ጥበብ» ማለቱ እዚህ ላይ ያምራል። ቅርጹ ደግሞ የክታቡ ነው። ዘሪሁን ከባህሉ የወሰዱት እንግዲህ ከምልክቱ ይልቅ አደራደሩን ነው፤ ጠባብ፣ ረጅም፣ በመደብ የተከፈለ፣ ከላይ ወደ ታች የሚነበብ። እ.ኤ.አ. በ1988 ለሠሩት አንድ ሥራ የሰጡት ርዕስ ሲተረጎም «ጥናት ከአስማት ጥበብ» እንደ ማለት ነው። ቃሉን ልብ ይሏል። ጥናት እንጂ አስማት አላሉትም። እ.ኤ.አ. በ1992 በዳካር ቢያናሌ፣ ማለትም ሴኔጋል ውስጥ በየሁለት ዓመቱ በሚካሄደው የአፍሪካ ጥበብ ትርኢት፣ ተሸላሚ ሆነዋል።

ሄኖክ መልካምዘር ጋ ስንደርስ ነገሩ ይገለበጣል። ጠልሰምን የተማረው ከአባቱና ከአያቱ ነው። ከሦስቱም ለባህሉ በዝምድና የሚቀርበው እሱ ነው። ግን የሚሥለው በትልልቅ ሸራ ላይ፣ በደማቅ ቀለም ነው። ኮከቡ፣ ዓይኑ፣ የተቆላለፈው መስመር ሁሉም አለ፤ ቆዳው ግን የለም።

«ብራና ላይ ከተሳለ ባህላዊ ነው» የሚለው ሐሳብ የሚፈርሰው እዚህ ነው። ዕውቀቱን በዘር የወረሰው ሠዓሊ ብራናውን ትቶታል። ብራናውን ያነሳው ደግሞ ለንደንና ፓሪስ የተማረው ነው። ቁስ ብቻውን የዘር ሐረግ አይቆጥርም። በእኔ ግምት መጠየቅ ያለበት «በምን ላይ ተሳለ?» አይደለም። «ሠዓሊው የትኛውን ደንብ ጠበቀ፣ የትኛውን ተወ?» የሚለው ነው። ልኩን? አደራደሩን? ምልክቱን? ወይስ ለማን እንደተሠራ?

«የፈረንጅ ነው» የሚለው ክስ

ክሱ አዲስ አይደለም። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ጀርመን ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሲመለስና ረቂቅ ሥዕሎቹን ሲያሳይ፣ ሥራው ኢትዮጵያዊ አይደለም የሚል ወቀሳ ገጥሞታል። የሚገርመው አባቱ አለቃ ደስታ የብራና መጻሕፍት የሚጽፉና የሚሥሉ ሰው ነበሩ። ማለትም «ኢትዮጵያዊ አይደለም» የተባለው ሠዓሊ ያደገው ሐረግ በሚሳልበት ቤት ነው። በደርግ ዘመን ደግሞ ሌላ ጫና መጣ። መንግሥት ከሠዓሊ የሚፈልገው ወዛደሩንና ገበሬውን በግልጽ የሚያሳይ ሥዕል ነበር፤ ረቂቅ ሥዕል ለሰፊው ሕዝብ አይገባም ይባል ነበር።

ለዚህ ክስ የተለመደው መልስ «ጠልሰም አብስትራክት ነው፣ እኛ ከፈረንጅ ቀድመን ነበረን» የሚል ነው። ደስ ይላል። ኩራት ያለበት መልስ ነው። ግን አንድ ችግር አለበት።

አውሮፓዊው ረቂቅ ሥዕል የተወለደው ሥዕልን ከአገልግሎት ለማላቀቅ ከተደረገ ትግል ነው። ሥዕሉ ታሪክ አይንገር፣ ማንንም አይምሰል፣ ቀለምና ቅርጽ ብቻ ሆኖ ይታይ የሚል። ጠልሰም ተቃራኒው ነው፤ አገልግሎት ካልሰጠ ከንቱ ነው። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ዣክ መርሲዬ በሥራዎቹ እንዳብራራው፣ ጠልሰም የሚሠራው በዓይን በኩል ነው። ታማሚው ሥዕሉን ያያል። በታማሚው ውስጥ ያለው መንፈስም በታማሚው ዓይን ያያል። እዚያ አፍጥጦ የሚጠብቀውን ዓይን ሲያገኝ ይሸሻል። ስለዚህ እኛ «ቅርጽ» የምንለው ኮከብ ለደብተራው መሣሪያ ነው። «መርበብተ ሰሎሞን» የሚባለው ጸሎት ስሙ እንደሚለው መረብ ነው፤ መረብ ደግሞ ሊይዝ ነው የሚዘረጋው።

እንግዲህ ጠልሰምን «አብስትራክት» ብንለው መልኩን እንጂ ሥራውን አልገለጽንም። ሐረግን ብንለው ግን ያስኬዳል። ሐረግ ምንም አይመስልም፣ ማንንም አያባርርም፣ በመስመር ደስታ ብቻ ይሄዳል። «ቀድመን ነበረን» ማለት የሚፈልግ ሰው ጠልሰሙን ትቶ ሐረጉን ቢይዝ ክርክሩ ይበልጥ ይጸናለት ነበር። ለምን ጠልሰሙ እንደሚመረጥ ግልጽ ነው። ዓይን ያለው ነገር ይስባል።

ሌላም ወገን አለ። «ድግምታዊ ጥቅልል»፣ «የፈውስ ጥቅልል» የሚሉት ስሞች ከውጭ ሙዚየሞችና አጥኚዎች የመጡ ናቸው፤ ጠልሰምን የአንድ ሕዝብ ልማድ ማሳያ አድርገው ከጥበብና ከፍልስፍና ውጭ ያስቀሩታል የሚል። የሻርጃው ኤግዚቢሽንም ጠልሰምን እንደ ዕውቀት ሥርዓት ነበር ያቀረበው። ይህ አስተያየት ክብደት አለው። ፈውስ የሚለውን ቃል ጨርሶ ብንጥለው ግን ለራሳቸው ለባለ ክታቦቹ ዋና የነበረውን ነገር እናጠፋለን።

ድግምት ነው የሚሉትስ?

እነዚህን በፌዝ ማለፍ ልክ አይደለም። ተቃውሞው ከውስጥ የመጣና የቆየ ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በአስማትና በጥንቆላ ላይ ጠንክረው ተነስተው ነበር። ዛሬም ብዙ የቤተ ክርስቲያን መምህራን ክታብን ያወግዛሉ። በሌላ በኩል ክታቡን የሚጽፈው ደብተራ የተማረው እዚያው ቤተ ክርስቲያን ነው። የሚጽፈው በግእዝ ነው። ጸሎቱ ላይ ቅዱስ ሱስንዮስ በፈረሱ ሆኖ ሕፃናት ገዳይዋን ውርዝልያን ይወጋል። ሾተላይ የሚፈራ ቤት ይህን ጸሎት ከቤተ ክርስቲያን ውጭ የሆነ ነገር አድርጎ አያየውም ነበር። መስመሩ የት ጋ እንደሚያልፍ ያልተቋጨ ጉዳይ ነው፤ ሠዓሊዎቹም አይቋጩትም።

ሥዕሉን ግን ከዚህ ክርክር መለየት ይቻላል። የዘሪሁን ቀርከሃ ላይ የማንም የክርስትና ስም የለም። ለማንም አልተለካም። በደብተራው ደንብ ከሄድን ክታብ ያለ ባለቤት አይሠራም። ሳሎን ውስጥ የተሰቀለ ጠልሰም መሰል ሥዕል የሚያስፈራው ሰው ቢኖር፣ በራሱ በባህሉ መመዘኛ ሥዕሉ ሥራ የፈታ ነው።

ገበያው ምን እያመጣ ነው?

እንዲህ ዓይነት ሥራ በውጭ ሲታወቅ ውጤቱ ወዲያው አገር ቤት ይታያል። ኮከብና ዓይን ብራና ላይ ገልብጦ መሸጥ ቀላል ነው። የቱሪስት ሱቆች ውስጥ አዲስ ጥቅልል በጭስና በእድፍ ጠይሞ «የጥንት» ሆኖ ይቀርባል። ገዢው ይታለላል። ትልቁ ጉዳት ግን የሠዓሊው ነው። ብራና ላይ የራሱን አዲስ ሐሳብ የሚሠራ ሰው ከመታሰቢያ ዕቃ ጋር አብሮ ይቆጠራል። አሮጌ የሚመስል ነገር ከአገር ለማውጣት ደግሞ ቅርስ አለመሆኑን የሚያሳይ ማረጋገጫ ሊጠየቅ ይችላል፤ ከወር በፊት የተሳለ የፍየል ቆዳም ኬላ ላይ ሲያዩት እንደ አሮጌ ነው።

የቁሱ ነገርም አለ። ብራና ፋቂ የሚተርፈው መጽሐፍ የሚያስጽፍ ሲኖር ነው። ማተሚያ ቤት ያንን ሥራ ወስዶበታል። የሠዓሊዎች ፍላጎት ለጥቂት ባለሙያዎች ሥራ ሊሰጥ ይችላል። ነገር ግን ገበያው የሚፈልገው ፈጣንና ርካሽ ብራና ከሆነ የሚቀጥለው ያ ነው። በደንብ ያልታሸ፣ ቀለም የሚያፈስ ብራና። «ባህላዊ ቀለም» የሚለውም ቢሆን በጥንቃቄ ይታይ። ከውጭ የሚመጣ የፋብሪካ ቀለም የኛ ሠዓሊዎች እጅ ከገባ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ከዚያ ግድግዳ ላይ የመስቀሉ ጉዳይ ይመጣል። ክታብ ተጠቅልሎ፣ ቆዳ ውስጥ ተሰፍቶ ነበር የሚኖረው። ብርሃን የሚያየው በችግር ጊዜ ብቻ ነው። ዛሬ ሙዚየምና ሰብሳቢ ቤት ውስጥ ተዘርግቶ፣ መብራት ተበርቶበት ይውላል። ብራናው መለስ ብሎ መጠቅለል ይፈልጋል፤ ማዕዘኖቹን በክር ወይም በመስታወት መያዝ ግድ ነው።

ከሥሩ ያለችው መግለጫ ካርድ ብዙ ጊዜ «ሠዓሊው ያልታወቀ» ትላለች። ጽሑፉን ጠጋ ብሎ ላየው ግን በየቦታው «ለአመትከ» ይላል፣ ለባሪያህ ለእገሊት ማለት ነው። ከዚያ የሴትዮዋ የክርስትና ስም ይከተላል። አንዳንዱ ጥቅልል ላይ ያ ስም ተፍቆ በላዩ ሌላ ስም ተጽፏል። ክታቡ ከአንዷ ወደ ሌላዋ አልፎ ነበርና።